ራስ ግንብ፤ የታደሰ ቤትና ያልተነገረ መርዶ

ከገለጉ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ያያል። መጀመሪያ የሚያቋርጠው የቋራና የመተማ ቆላ ነው። በዚያ መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ሙቀቱም ብርቱ ሲሆን፣ ሕዝቡ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ያመርታል፤ ከዱሩም ዕጣን ይለቅማል። ቤቱ ከእንጨትና ከሽመል ተማግሮ በሣር የሚከደን ነው። ከገንዳ ውኃ ወዲያ ግን መንገዱ ሽቅብ ይይዛል። ነጋዴ ባሕርን አልፎ አይከል ሲደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ አዘዞን ተሻግሮ ከተማይቱ ስትታየው፣ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ከነበረው ቆላ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወደ ሆነው ደጋ መውጣቱን ሰውነቱ ይነግረዋል። በዚያም ቤቱ ሣርና ሽመል ሳይሆን ድንጋይና ኖራ ሆኖ ያገኘዋል። የቆላው ሰው «ግንብ» ሲል የሚያስበው ይህን ነው።

ግንብ የሚለው ቃል በአማርኛ በድንጋይና በኖራ ተጣብቆ የተሠራውን ሁሉ ይጠራበታል፤ ቤትም ቢሆን፣ ድልድይም ቢሆን፣ ቅጥርም ቢሆን። በጎንደር ግን ቃሉ ከዚህ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ያሠሯቸው አብያተ መንግሥት በሕዝቡ አፍ «ግንቡ» ተብለው ይጠራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ከእነዚህ መካከል ብዙ ጎብኚ የሚያውቀው በ9 መቶ ሜትር ቅጥር የተከበበውን የፋሲል ግቢ ነው። ከዚያ ቅጥር ውጭ ግን ሌላ ግንብ አለ፤ ስሙም ራስ ግንብ ነው። በመጠኑ ከፋሲል ቤተ መንግሥት አይስተካከልም፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የጎንደር ሕንጻዎችም ጋር በብዛት አይጠቀስም። ዳሩ ግን አንድ ቤት በየዘመኑ የሚገቡበት ሰዎች ምን ያህል መልኩን እንደሚለዋውጡት ለማየት ለሚፈልግ ሰው፣ ከራስ ግንብ የበለጠ ምሳሌ በጎንደር አይገኝም። የራስ መኖሪያ፣ የወራሪ ሹም ማረፊያ፣ የንጉሠ ነገሥት እልፍኝ፣ እስር ቤት፣ በመጨረሻም ቤተ መዘክር ሆኗልና።

ቤቱን ያሠራው ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። አንዳንዶቹ ወደ ጎንደር መንግሥት መጀመሪያ ዘመን ሲወስዱት፣ የከተማው ልማድ ግን ለራስ ሚካኤል ስሑል ይሰጠዋል። ይህ ልማድ ሙሉ በሙሉ ይጽና አይጽና፣ ስሙ ለቤቱ የተገባ ነው ማለት ይቻላል፤ የራስ ሚካኤል ታሪክ ከእስራትና ከእስረኛ ተለይቶ አይነገርምና። ራስ ሚካኤል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ፣ በምትካቸው ለማንገሥ የመረጧቸው በወህኒ አምባ ዕድሜያቸውን በግዞት የፈጁትን አረጋዊውን ዮሐንስን ነበር። እኚህ ሽማግሌ ከአምባው ለማምለጥ በመሞከራቸው እጃቸው ተቈርጦ ነበር ይባላል። ከእስር ወደ ዙፋን ወጡ፤ ነገር ግን በዙፋኑ ላይ ጥቂት ወራት እንጂ አልቈዩም፤ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተተኩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በዚሁ ወራት ሲሆን፣ የራስ ሚካኤልን ኃይልና ጭካኔ በሰፊው ጽፎታል። ዳሩ ምን ይሆናል፤ ንጉሥን ከእስር አውጥቶ የሚያነግሠው ሰው እርሱ ራሱ በ1763 ዓ.ም. ከሰርባኩሳ ጦርነት በኋላ በጠላቶቹ እጅ ወድቆ እስረኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ጥንቱ የእስራት ልማድ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልታወቀ በራስ ግንብ የሆነው ነገር ምን ያህል አዲስ እንደነበረ አይታወቅም። በቀድሞው ዘመን በአገራችን፣ ዛሬ በምንረዳው መልኩ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚታጐርበት የእስር ቤት አይገኝም ነበር። ተራው ሰው በዕዳ ወይም በወንጀል ሲከሰስ ከከሳሹ ጋር ይቈራኛል። ለቀላሉ ነገር የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ለከባዱ ግን የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ የሚለያያቸው የለም። በዚህ ልማድ አሳሪው ከታሳሪው እኩል ይታሰራል። ስለዚህ ነገሩን ለማስረዘም ማንም አይወድም ነበር።

መኳንንቱ ደግሞ ሲቀጡ ግዞት ይሄዱ ነበር። ግዞተኛው በሌላ መኰንን እጅ ይሰጣል፤ ወይም በገደል ወደ ተከበበ አምባ ይወጣል፤ እንደ ማዕርጉም አሽከርና ቀለብ ይፈቀድለታል። የነገሥታቱ ልጆች ሥልጣን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት በጥንት አምባ ግሸን ነበር፤ በጎንደር ዘመን ግን ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው ወህኒ አምባ ሆነ። ዛሬ «ወህኒ ቤት» የምንለው ስም የመጣው ከዚህ አምባ መሆኑ በብዙዎች ይታመናል። እንግዲህ የአገራችን እስር ቤት በስሙ የጎንደር ልጅ ነው። ልዩነቱ የሚገኘው አምባው ከከተማ ርቆ፣ በገደል ላይ፣ ለጥቂት መሳፍንት የተዘጋጀ መሆኑ ላይ ነው። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በከተማ መካከል፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ገበሬና ተማሪን ማሰር ግን የኋለኛው ዘመን ሥራ ነው።

የቆላውም አገር ስለ ምርኮና ስለ እስራት የሚያውቀው ብዙ ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመራ በመተማ በኩል ወጥቶ፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ከዚያም ብዙ ሰው፣ ከንጉሡም ቤተ ሰብ ጭምር፣ ተማርኮ በዚያው በመጣበት መንገድ ቍልቍል ወደ ኦምዱርማን ተነዳ። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ቈስለው ሲሞቱ፣ ዳግመኛ ምርኮኛው በዚያው በር ወጣ። የጎንደርና የመተማ መንገድ እንግዲህ የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የምርኮኛም መንገድ ነበር። በዚያ ዘመን ምርኮኛው የሚወርድ ነበር፤ ከ90 ዓመት ያህል በኋላ ግን የሚወጣ ሆነ።

ከዚህ በፊት ግን የጣልያን ዘመን አለ። ጣልያኖች ጎንደርን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ከተማይቱን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። አዲስ ሰፈርና አዲስ ሕንጻ ሠሩ፤ አሮጌዎቹንም ግንቦች ለሹማምንቶቻቸው መሥሪያ ቤትና መኖሪያ ለማድረግ አደሱ። ራስ ግንብም በዚህ ጊዜ ለጦር አዛዥ መኖሪያነት ዋለ ይባላል። እድሳቱ ፈጣን ነበር፤ ለዚህም የተጠቀሙበት ሲሚንቶና ብረት የገባበት ቤቶን ነው። ይህ ምርጫ ያስከተለውን ጉዳት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጦርነቱ ሲጀመር እሳቱ የተነሣው ከዚያው ከቆላው ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣልያኖች ከመተማ ተሻግረው በሱዳን በኩል ያለውን የጋላባትን ምሽግ ያዙ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ ምሽጉን መልሶ ቢይዝም መተማን ለመያዝ አልቻለም። በጥር 12 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በስተ ደቡብ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ጎንደር ግን ከሁሉ በኋላ ነው የተለቀቀችው። ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ እጁን የሰጠው በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ከተጐዱት ሕንጻዎች መካከል የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ይገኝበታል። ከነጻነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎንደር በሚመጡበት ጊዜ ራስ ግንብ ማረፊያቸው ሆነ። በቤቱ ውስጥ ከዚያ ዘመን የተረፈ የቤት ዕቃ እስከ ቅርብ ጊዜ ሊታይ ችሏል።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ። በጌምድርና ስሜን ይባል የነበረው ጠቅላይ ግዛትም የጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ከዚህ በኋላ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ብዙ ጦርነት በአንድ ጊዜ ተነሣ። በከተማ የኢሕአፓ ወጣቶች ነበሩ፤ በቆላው ደግሞ እነ ራስ መንገሻ ሥዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ የመሩት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ በሱዳን ድንበር ተጠግቶ በ1969 ዓ.ም. ሑመራንና መተማን ያዘ። ጥቂት ቈይቶም ተባረረ። ጦሩ ወጥቶ ከሄደ በኋላ የቀረው ገበሬና ነጋዴ፣ «አብልተሃል፣ መንገድ መርተሃል፣ ዘመድህ ከእነርሱ ጋር ነው» እየተባለ ሊጠየቅ እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ የድንበር ሕዝብ በየትኛውም አገር ይህ ዕጣ አይቀርለትም። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጎንደር ስለሆነች፣ ተጠርጣሪ የተባለው ሁሉ ሽቅብ ወደ ጎንደር ይላክ ነበር። በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን በጎንደር የወረደው ቀይ ሽብር በአገሪቱ ከተፈጸሙት ሁሉ ከከፉት አንዱ መሆኑን በሰፊው ይታወቃል። ራስ ግንብም በዚህ ዘመን ሰው የሚታሰርበትና በሥቃይ የሚመረመርበት ቤት ሆነ።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የመርዶን ሥርዓት ማሰብ ይበቃል። በአማራው አገር፣ በደጋም ሆነ በቆላ፣ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ወሬው እንዲያው እንደ ተራ ነገር አይነገርም። ሽማግሎችና የቅርብ ዘመዶች አስቀድመው በምስጢር ይመክራሉ፤ ከዚያም ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ገና ወደ ሥራው ሳይበተን፣ በቡድን ሆነው ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳሉ። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው በር ላይ ሲቆም ያየ ቤተ ሰብ ማን መሞቱን እንጂ ምን እንደ መጣ መጠየቅ አያስፈልገውም። መርዶው ከተነገረ በኋላ ልቅሶ ይቀመጣሉ፤ ሬሳው ባይገኝም የሟቹ ልብስ ወይም መሣሪያው ወጥቶ ይለቀሳል፤ ክርስቲያን ከሆነም 40ውና ሙት ዓመቱ ይቈጠራል፣ ተዝካሩ ይወጣል። የመርዶው ቀን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁሉ ነገር የሚቈጠርበት መነሻ ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ይህ ሥርዓት ተቋረጠ። በብዙ ስፍራ ለተገደለው ሰው ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ልቅሶ መቀመጥ ተከልክሎ ነበር። ለታሰረውም ስንቅ የሚያደርስ ዘመድ አንድ ቀን «ዛሬ አያስፈልግም» ተብሎ ሲመለስ፣ ያ ቃል መርዶ ይሁን አይሁን የሚያስረዳው የለም። የከተማው ሰው ቢያንስ ወደ ግንቡ በር ተመላልሶ ፊት እያነበበ ይገምት ነበር። የቆላው ሰው ግን ያን ሁሉ መንገድ ሊመላለስ አይችልም፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ከተማ ሲደርስም እርሱ ራሱ ይጠረጠራል። ስለዚህ በቋራና በመተማ የቀረው ቤተ ሰብ «ወደ ጎንደር ተወሰደ» ከሚለው ቃል ሌላ በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም። ሞቷል ብሎ ቢያለቅስ ምናልባት በሕይወት ያለውን ይቀብረዋል፤ ይመጣል ብሎ ቢጠብቅ የሞተውን ያለ ተዝካር ያስቀረዋል። የመርዶ ሥርዓት የተሠራው ሰው ከእንዲህ ያለው መንታ መንገድ እንዲድን ነበር።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በኋላ የተቋቋመው የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በመላው አገሪቱ ያዘጋጀው ክስ ብዙ የእስር ቤቶችን ታሪክ በሰነድ አስገብቷል። ራስ ግንብ ደግሞ ተጠግኖ ቤተ መዘክር እንዲሆን ተወሰነ። ቤቱ መታደሱ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ጣራው ያፈሰሰ ግንብ በጥቂት ክረምት ውስጥ ፍርስራሽ ይሆናል። የሚያጠያይቀው እድሳት ሲባል የትኛው ዘመን ነው የሚታደሰው የሚለው ነው።

ይህንን ለመመለስ ወደ ኖራና ሲሚንቶ ነገር መመለስ ያስፈልጋል። የጎንደር ግንብ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ለጌጥ ቀይ ለስላሳ ድንጋይ ይገባበታል። በኖራ መገንባት በአካባቢው የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ግንበኞች ጠባዩን በሚገባ ያውቁት ነበር። ኖራ ይተነፍሳል፤ በክረምት ግድግዳው የጠጣው ውኃ በበጋ በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራ ስለሆነ ውኃውን አያስወጣም። ውኃው በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው ጨው ሲደርቅ እየጠጠረ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ጣልያኖች ግንቡን አጸናን ሲሉ ድንጋዩን አደከሙት። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከዩኔስኮ ጋር በተደረገው ጥገና ብዙው የጣልያን ሲሚንቶ እየተፈነቀለ እንደገና በኖራ ተተካ። ይህ ሥራ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ሲሚንቶው ሲፈነቀል የወረራው 5 ዓመት ምልክት አብሮ ይፈነቀላል። ለጎንደር ሕዝብ ይህ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ወራሪው የራሱን ታሪክ በሰነድና በፎቶግራፍ አስቀምጦ ሄዷል።

በ2016ና በ2017 ዓ.ም. በፋሲል ግቢ ሰፊ እድሳት ሲካሔድ፣ ለዘመናት ጠቁሮ የኖረው ግድግዳ በልስን ነጣ ማለቱ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። አንዳንዶች «የምናውቀው ግንብ ጠፋ» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሕንጻው ሲሠራ በኖራ የተለሰነ ስለነበረ የጥንት መልኩ ይህ ነው ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን በየበኩሉ እውነት አለው። የመጀመሪያው የሚከራከረው ሰው ስለሚያስታውሰው ግንብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማንም በሕይወት ያለ ሰው ስላላየው ግንብ። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ የተሰበሰቡት የዓለም የሕንጻ ጥገና ሊቃውንት ያወጡት ቻርተር በዚህ ነገር ላይ የሰጠው ደንብ አለ፤ በአንድ ሕንጻ ላይ የየዘመኑ ሰው ያኖረው ሥራ ሁሉ ሊከበር ይገባል፣ አንዱን ዘመን ለማጕላት ሌላውን ማጥፋት ልማድ መሆን የለበትም የሚል ነው።

ይህ ደንብ ለራስ ግንብ ሲውል ግን ያልታሰበ ችግር ይገጥመዋል። ደንቡ የሚናገረው ስለ ሥራ ነው፤ ስለ ታከለ ፎቅ፣ ስለ ተሣለ ሥዕል፣ ስለ ተቀረጸ በር። እስር ቤት በሕንጻ ላይ የሚያክለው ሥራ ግን የለም ማለት ይቻላል። የራስ እልፍኝ እንዳለ ሆኖ በሩ ከውጭ ይቈለፋል፤ እልፍኙም እስር ቤት ሆነ ማለት ነው። የሚቀረው ምልክት ቢኖር የተፋቀ ግድግዳ፣ የተነቀለ መስኮት፣ ጥቀርሻና እድፍ ነው። ይህንንም ግንበኛው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያጸዳው ነገር ነው፤ እርሱ የታዘዘው ቤት እንዲያድስ ነውና በዚህ አይወቀስም። በመሆኑም ከቤቱ ዘመኖች ሁሉ በቀላሉ የሚጠፋው ከሁሉ የቅርቡ ነው። የራስ ሚካኤልን ዘመን ብሩስ ጽፎታል፣ ዜና መዋዕሉም ይናገረዋል። የጣልያንን ዘመን የጣልያን መዛግብት ይዘውታል፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ዘመን ፎቶግራፉና የቤት ዕቃው ያሳየዋል። እዚያ የታሰረው የቆላ ገበሬ ግን ዜና ጸሐፊ አልነበረውም።

በሌላ ስፍራ ይህን ጉዳይ በልዩ ልዩ መንገድ ፈጽመውታል። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም በቃኝ የተባለው እስር ቤት በጣልያን ዘመን የየካቲት 12ን እስረኞች፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገደሉትን ወደ 60 የሚሆኑ ሹማምንት ያየ ቦታ ነው። ቤቱ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንጻ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚያው ሹማምንት ከመገደላቸው በፊት ታስረውበት የነበረው በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው ምድር ቤት ግን አልፈረሰም። ግቢው ታድሶ የአንድነት ፓርክ ተብሎ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት፣ ከላይ ያለውን አዳራሽ የጎበኘ ሰው ወርዶ የእስረኞቹንም ክፍል እንዲያይ ተደረገ። በጀርመን አገር ኮልዲትዝ የሚባለው ግንብ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተማረኩ መኰንኖች ይታሰሩበት ነበር። በኋላ ለብዙ ዘመን ሆስፒታል ሆነ፤ ከዚያም ታድሶ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣቶች ማደሪያ ሆነ። ግድግዳው ተለስኗል፣ አልጋ ተዘርግቷል፤ ነገር ግን የፈረንሳይ እስረኞች ለማምለጥ የቈፈሩት ዋሻ ለጎብኚ ይታያል። እርግጥ ነው፣ የኮልዲትዝ እስረኞች ብዙዎቹ በሕይወት ተመልሰው መጽሐፍ የጻፉ መኰንኖች ናቸው፤ የሚጐበኘውም የብልሃታቸው ታሪክ ነው። የጎንደሩ እንዲህ ያለ የሚያስደስት ትረካ የለውም፤ ምናልባትም ለማስታወስ የሚከብደው ስለዚህ ይሆናል።

በራስ ግንብ ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ክፍል ሳይለሰን መተው፣ በበሩም ላይ በዚያ ክፍል የሆነውን ከነዘመኑ በግልጽ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ ግን በግድግዳው ላይ ሳይሆን በሰው ዘንድ ነው። በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ 70ኛውን ዓመት ተጠግቷል ወይም አልፏል። ከእስር የተፈቱት፣ ስንቅ ያመላልሱ የነበሩት፣ በር ይጠብቁ የነበሩትም ጭምር የሚያውቁትን ይዘው እየሄዱ ነው። ስማቸውን፣ የታሰሩበትን ክፍል፣ አብሮ የታሰረውን ሰው አገር የሚመዘግብ ሰው ቢገኝ፣ መዝገቡ በጎንደር ብቻ የሚሞላ አይሆንም፤ እስከ ገንዳ ውኃ፣ እስከ መተማ፣ እስከ ገለጉ መውረድ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትና ከሱዳን በፈለሰው ስደተኛ ምክንያት መንገዱ ለእንዲህ ያለው ሥራ ያልተመቸ መሆኑ ይታወቃል። ሽማግሎቹ ግን መንገዱ እስኪመች ድረስ አይቈዩም።

ከቆላው የመጣ ጎብኚ ወደ ራስ ግንብ ሲገባ የሚያየው እንግዲህ ከሌላው ጎብኚ የተለየ ነው። ሌላው የድንጋዩን አሠራር፣ የአልጋውንና የወንበሩን ጌጥ ያደንቃል። እርሱ ግን አባቱ ወይም የአባቱ ወንድም «ወደ ጎንደር ተወሰደ» ከተባለ ወዲህ ስሙን ብቻ የሚያውቀውን ከተማ አሁን በዓይኑ ያያል፤ አስጐብኚውንም ስለ ራስ ሚካኤል አይጠይቀውም። በየትኛው ክፍል ያስሩ እንደነበር፣ ሌሊት የሚወጡትም በየትኛው በር ይወጡ እንደነበር ይጠይቀዋል። ይህን ከሰማ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሽማግሎቹ የሚነግረው አለው ማለት ነው። እነርሱም ሌሊቱን ተማክረው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከ40 ዓመት በላይ የዘገየውን መርዶ ሊያደርሱ በቡድን ሆነው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ።